ግቢው ለምን ረግረግ ሆነ? ውሃውስ ወዴት ይሂድ?

ሐምሌ ሲጋመስ የከተማ ዳር ነዋሪ በጫማው ይለያል። ጠዋት ታክሲ ተራ ላይ ቦት ጫማ ያደረገ፣ የቢሮ ጫማውን በፌስታል ያንጠለጠለ ሰው ካያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከአቃቂ ወዲያ እንደመጣ መገመት አይከብድም። መንገዱ ጭቃ ነው። ለብዙዎቻችን ግን ጭቃው የሚጀምረው ገና ከበራችን ነው። ልብስ ማስጫው ስር ውሃ ተኝቷል። ሽንት ቤት የሚኬደው ከድንጋይ ድንጋይ እየተዘለለ ነው። ጎመኑ ቢጫ ሆኗል። ልጆች ክረምቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ይታሰራሉ።

ከዚያ መስከረም ይጠባል፣ ፀሐይ ትወጣለች፣ ጭቃው ይደርቃል፣ ነገሩም ይረሳል። በሚቀጥለው ሰኔ እንደገና "ምን ይሻላል?" ይባላል። መልሱ ደግሞ ብዙ ነው። አንዱ ገረጋንቲ ድፋበት ይላል። ሌላው ጉድጓድ አስቆፍር ይላል። ሦስተኛው ሲሚንቶ አልብሰው ይላል። ሁሉም የሆነ ቦታ ሠርቶ ያዩትን ነው የሚመክሩት። ችግሩ እንጦጦ ግርጌ የሠራ መላ አቃቂ ላይሠራ መቻሉ ነው።

እኛ ቤት ይህን ባለማወቅ ገንዘብ ወጥቷል። ግቢያችን ጥቁር አፈር ነው። ሥራውን የያዘው ሰው ሁለት ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አስቆፈረ፣ ድንጋይ ሞላበት፣ የጣሪያውን ውሃ ወደዚያ መራው። "ይመጠዋል፣ አታስቡ" አለን። ሐምሌ በገባ በአምስተኛው ቀን ጉድጓዱ ሞላ። ከዚያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ጎድሎ አላየሁትም። ውሃው በድንጋዩ መሀል ወደ ላይ እየመጣ በረንዳው ስር ድረስ ተኛ። ሰውየው ሊያታልለን አስቦ አይመስለኝም። ከመቆፈሩ በፊት አፈሩ ውሃ ይጠጣ አይጠጣ አላየም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ይህን የምጽፈው ሌላው ሰው ያንኑ ገንዘብ እንዳያወጣ ነው።

ውሃው ለምን አይሰርግም?

ውሃ አፈር ውስጥ የሚገባው በቅንጣቶቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው። የአሸዋ ቅንጣት በዓይን ይታያል፤ ክፍተቱም ሰፊ ነው። አንድ ጆንያ ባቄላ ላይ ውሃ ብታፈሱ ወዲያው ከታች ይወጣል፤ አሸዋም እንደዚያ ነው። የሸክላ አፈር ቅንጣት ግን ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። አንድ ጆንያ የጤፍ ዱቄት ላይ ውሃ ብታፈሱስ? ላዩ ይቦካል፣ ውሃው እዚያው ይቆማል፣ ከታች ያለው ዱቄት ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። ሸክላ አፈር የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

በአዲስ አበባ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ የሚበዛው ጥቁር አፈር፣ ገበሬው መረሬ፣ መሐንዲሶች ብላክ ኮተን የሚሉት፣ ተጨማሪ ጠባይ አለው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። በበጋ ግቢያችሁ ውስጥ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ካያችሁ መረሬ ነው። የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ በእነዚህ ስንጥቆች ገብቶ ይጠፋል። ሰውም "ዘንድሮ እየሰረገ ነው" ብሎ ደስ ይለዋል። አፈሩ ግን ቀስ እያለ እያበጠ ነው። ዝናቡ ሲደጋገም ስንጥቁ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ግቢው እንደ ሳፋ ነው፤ የወረደው ሁሉ ላዩ ላይ ይተኛል።

አፈሩን ግን መውቀስ አይገባም። ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ነው ገበሬው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ሽምብራና ጓያ ዘርቶ በቀሪው እርጥበት የሚያመርተው። ስመ ጥሩው የአድአ ጤፍ የሚበቅለውም በጥቁር አፈር ላይ ነው። ዛሬ ቤት የሠራንባቸው ብዙዎቹ ሰፈሮች ትናንት እንዲህ ያለ ማሳ ነበሩ። ለጤፉ የጠቀመው ጠባይ ነው እኛን ያስቸገረን።

ወደ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ ግርጌ ስትወጡ ደግሞ ቀይ አፈር ይበዛል። ቀዩም ሸክላ አለበት። ግን ቅንጣቶቹ ተያይዘው እንክብል እንክብል ስለሚሆኑ በመካከላቸው ውሃ ያሳልፋሉ። ለዚህ ነው እዚያ የሰመረ ጉድጓድ እኛ ዘንድ የውሃ ማቆሪያ ሆኖ የቀረው።

የእኔ አፈር የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከግቢያችሁ ከላይኛው ሣር በታች እፍኝ አፈር ውሰዱ። በትንሽ ውሃ አሹትና እንደ እርሳስ አድቦልቡሉት። ከዚያ እንደ ቀለበት እጠፉት። ሳይሰበር ቀለበት ከሆነ፣ እጃችሁም ላይ እንደ ሳሙና ከለሰለሰ፣ ሸክላ ነው። ገና ስታድቦለቡሉት ከተፈረካከሰ አሸዋ ይበዛዋል።

ሁለተኛው ሙከራ ከሁሉም ይበልጣል። ጉድጓድ ላስቆፍር የሚል ሰው ሁሉ ከመክፈሉ በፊት ቢያደርገው እመኛለሁ። ውሃ ልታስገቡበት ባሰባችሁት ቦታ፣ ወርዱም ጥልቀቱም 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሙሉትና አንድ ሌሊት ተዉት። ይህ አፈሩ እንዲጠግብ ነው፤ የምንፈልገው የሐምሌ ጠባዩን እንጂ የጥር ጠባዩን አይደለም። ጠዋት እንደገና ሙሉት። አንድ እንጨት አቁማችሁ ውሃው የደረሰበት ላይ ምልክት አድርጉ። በየሰዓቱ ስንት እንደወረደ ለኩ። በሰዓት ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከወረደ አፈሩ ውሃ ይቀበላል። አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ ካልሞላ፣ ውሃ የመቅበርን ሐሳብ እርሱት። መረሬ ላይ ብዙ ጊዜ ምልክቱ ንቅንቅ አይልም።

ሌላም ምስክር አለ። ማንም ሳይተክለው ቄጤማ የሚበቅልበት ጥግ ካለ፣ እዚያ ውሃ ለረጅም ጊዜ ይተኛል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?

ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ይዘለዋል። እኔ ደግሞ ግማሹ መፍትሔ እዚህ ነው ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ጣሪያችሁን እዩት። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ከሰዓት ቢወርድ 3,000 ሊትር ነው። ባለ 200 ሊትር በርሜል 15 መሆኑ ነው። ይህ ሁሉ አሸንዳ በሌለው ቆርቆሮ ጫፍ ወርዶ ግድግዳው ስር ይከማቻል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ከዚህ ውስጥ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ይወርዳል። ስለዚህ ሰው "ግቢዬ ውሃ ያመነጫል" ሲለኝ መጀመሪያ አንጋጥጬ አሸንዳውን ነው የማየው።

ሁለተኛው ከላይ የሚመጣ ነው። አዲስ አበባ ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት። የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ውሃው ሁሉ ወደ ደቡብ ነው ጉዞው፤ ወደ አቃቂ ወንዞች፣ ከዚያ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ ወደ አዋሽ። በመንገዱ ላይ ማሳ የነበረው መሬት ቤት፣ ኮብልስቶንና አስፋልት ሲሆን፣ ድሮ ሣሩ ይዞት ይቆይ የነበረው ውሃ ባንዴ ይለቀቃል። የታችኛው ግቢ የላይኛውን ሰፈር ውሃ ይቀበላል። መንገድ ሲሠራ ደግሞ ከፍ ይላል። ሲታደስም ከፍ ይላል። ቤታችሁ ሲሠራ ከመንገዱ እኩል የነበረ ግቢ ከጊዜ በኋላ ዝቅ ብሎ ራሱን ያገኘዋል።

ሦስተኛው የቧንቧ ፍንጣቂ ነው። ዝናብ በሌለበት ጥር ወር አንድ ቦታ ብቻ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን ተመልከቱ። ከዞረ መሬት ውስጥ የሚፈስ አለ። አራተኛው የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። ውሃው ግራጫ ከሆነ፣ ከሸተተም፣ የዝናብ ውሃ ብቻ አይደለም። ጉድጓዱ ሞልቶ ወይም ሾልኮ ነው። ይህ የጤና ጉዳይ ስለሆነ ከጭቃው በፊት መታየት አለበት። በተለይ የእጅ ጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ቤት ካለ አንድ ቀን እንኳ መቆየት የለበትም።

ይህን ሁሉ የሚነግራችሁ ባለሙያ ሳይሆን ዝናቡ ራሱ ነው። ሲወርድ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ግቢውን ዙሩ። በየት ገባ? የት ተኛ? በየት ሊወጣ ሞከረ? በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹት። እኛ ቤት አምስት ደቂቃ የማይሞላ ቪዲዮ ነው የላይኛው አጥር ስር የገባውን ጅረት ያሳየን። ስንት ዓመት ሙሉ ከመሬት የፈለቀ ነበር የሚመስለን።

ገረጋንቲ ብደፋበትስ?

በየዓመቱ አንድ ቢያጆ ገረጋንቲ የሚያስደፋ ሰው አውቃለሁ። በየዓመቱም ይሰምጥበታል። ለምን?

ገረጋንቲው ውሃ ያሳልፋል። ከስሩ ያለው መረሬ ግን አያሳልፍም። ውሃው ገረጋንቲውን አልፎ ወርዶ ከሸክላው ላይ ይቆማል። ሳፋ ውስጥ ጠጠር ሞልታችሁ ውሃ እንደጨመራችሁበት ቁጠሩት። ላዩ ደረቅ ይመስላል፣ ስሩ ግን ይቦካል። መኪና ሲቆምበት ወይም ሰው ሲመላለስበት ጠጠሩ ወደ ጭቃው ይጠልቃል፣ ጭቃው ወደ ላይ ይወጣል። በሁለተኛው ክረምት ገረጋንቲው የት እንደገባ አይታወቅም።

ገረጋንቲ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ነው የሚበላሸው። መጀመሪያ ጥቁሩ አፈር ራሱ ወደ መውጫው እንዲያዘነብል መስተካከል አለበት። ከዚያ ከተቻለ ጂኦቴክስታይል ይነጠፋል። ይህ ውሃ የሚያሳልፍ፣ አፈር የማያሳልፍ ጨርቅ ነው፤ ሻይ ማጥለያ እንደማለት። ገረጋንቲው ከላዩ ይደፋና ይጠቀጠቃል። እንዲህ ሲሆን ውሃው ከሸክላው ላይ ቢደርስም ተንሸራቶ ይሄዳል።

ሌላው አደጋ ከፍታ ነው። ግቢውን ስታስሞሉ ከቤቱ ወለል ጋር እንዳይተካከል ተጠንቀቁ። ከግቢው ዝቅ ያለ ቤት ክረምት ሲመጣ ውሃ ይገባበታል።

ጉድጓድ አስቆፍሬ ብቀብረውስ?

እስቲ ቁጥሩን አብረን እናስላ። ወርዱና ርዝመቱ አንድ አንድ ሜትር፣ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር የሆነ ጉድጓድ ሁለት ሜትር ኩብ ነው። ባዶ ቢሆን 2,000 ሊትር ይይዛል። ድንጋይ ሲሞላ ግን ለውሃ የሚተርፈው በድንጋዩ መካከል ያለው ክፍተት ብቻ ነው፤ ከሦስት አንድ እጅ ያህል። ስለዚህ የሚይዘው 700 ሊትር እንኳ አይሞላም። ከጣሪያችሁ በአንድ ከሰዓት የወረደው ደግሞ 3,000 ሊትር ነው። አፈሩ የሚቀበል ከሆነ ጉድጓዱ እየተቀበለ እየለቀቀ ይቀጥላል። የማይቀበል ከሆነ በመጀመሪያው ዝናብ ይሞላል፣ በማግስቱም ሙሉ ሆኖ ቀጣዩን ዝናብ ይጠብቃል። የእኛው ጉድጓድ ታሪክ ይህ ነው።

የአንድ ሌሊቱ ሙከራ ጥሩ ውጤት ያሳያችሁ ግን ጉድጓዱ ጥሩ መላ ነው። ከቤቱ መሠረት ቢያንስ አምስት ሜትር ይራቅ። ከሽንት ቤት ጉድጓድም ይራቅ። ቅጠልና ደለል እንዳይደፍነው ውሃው መጀመሪያ ትንሽ ማንሆል ውስጥ አርፎ ይግባ።

አንድ ነገር ግን በየትኛውም አፈር ላይ አይደረግ። የዝናብ ውሃ ወደ ሴፕቲክ ታንክ ወይም ወደ ሽንት ቤት መስመር አይገባም። ሴፕቲክ ታንክ የሚሠራው ዝቃጩ ታች እንዲረጋ ጊዜ በመስጠት ነው። 3,000 ሊትር ባንዴ ሲገባ የረጋውን ሁሉ በጥብጦ ያወጣዋል። ወደ ከተማው የፍሳሽ መስመር ብታገናኙት ደግሞ መስመሩ ይሞላና ከታች ባለው ሰው ደጃፍ ማንሆሉ ይገነፍላል። ከዚያ በኋላ በሰፈሩ የሚፈሰውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ታዲያ መረሬ ላይ ምን ይሠራል?

በአጭሩ፣ ውሃውን ላዩ ላይ እያለ መሸኘት። ገበሬው ይህን ከጥንት ያውቃል። በጎጃምና በጎንደር ማሳው ላይ በሰያፍ የሚቀደደውን የውሃ መውረጃ "ፈሰስ" ይሉታል። እኛ ሰፈር ድሮ ያርሱ የነበሩ አንድ አባት ጉድጓዳችንን አይተው "ልጄ፣ ይኼ አፈር ውሃ አይውጥም፤ መንገድ ስጠው" አሉኝ። ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ ይልቅ የጠቀመኝ ይህ ምክር ነው።

የመጀመሪያው ሥራ አሸንዳ ነው። ጣሪያው ዙሪያውን አሸንዳ ይኑረው፣ በቱቦ ይውረድ፣ ቱቦው ደግሞ ግድግዳው ስር አያብቃ። ወይ ወደ ሮቶ ይግባ ወይ ወደ ቦይ። በነገራችን ላይ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ውሃ ሀብት ነው። ለልብስ፣ ለጽዳትና ለአትክልት ይሆናል። ግን ሮቶው በሐምሌ በአንድ ቀን ስለሚሞላ፣ ትርፉ የሚወጣበት ቱቦ ከመጀመሪያው ይገጠምለት።

ቀጥሎ የቤቱ ዙሪያ ነው። አፈር ከሆነ ከግድግዳው ጀምሮ እስከ ሦስት ሜትር ድረስ በየሜትሩ አምስት ሴንቲ ሜትር ይውረድ። ሊሾ ከሆነ በሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ብዙ ቤት ዙሪያውን ሊሾ አለው፤ ግን ወደ ግድግዳው ያዘነበለ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አንድ ባልዲ ውሃ ድፉና ወዴት እንደሚሄድ እዩ።

ከዚያ ቦዩ። ከግቢው ላይኛ ጫፍ፣ ውሃው ከሚገባበት ቦታ ጀምሮ፣ በአጥሩ ዳር ዳር አድርጎ እስከ መውጫው ይሄዳል። ጥልቀቱ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለአንድ ግቢ በቂ ነው። ትልቁ ቁም ነገር ተዳፋቱ ነው። በየሜትሩ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። 20 ሜትር ቦይ ከሆነ ጫፍና ጫፉ 20 ሴንቲ ሜትር ይለያያል ማለት ነው። ይህን በዓይን መገመት አይቻልም፤ ዓይን ያታልላል። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ ጎማ ውሃ ሙሉበት። አንዱን ጫፍ አንድ ሰው፣ ሌላውን ሌላ ሰው ይያዝ። በሁለቱም ጫፍ ያለው ውሃ ሁልጊዜ እኩል ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ ወደ መሬቱ ለኩ። እኛ በዓይን "ወደ በሩ ነው የሚወርደው" ያልነው ግቢ በጎማው ሲለካ ወደ ጓሮ ያዘነበለ ሆኖ ተገኘ። ሰባት ሴንቲ ሜትር! በሰባት ሴንቲ ሜትር ምክንያት ቦዩ በተቃራኒው ሊቆፈር ነበር።

መረሬ ላይ የቦዩን ጎን ቀጥ አድርጋችሁ አትቁረጡት። ሲርስ ይናዳል። ጎኑን አጋድሙትና ሣር አልብሱት፤ ሣሩ አፈሩን ይይዛል። ሲሚንቶ የምታለብሱ ከሆነ ስሩ ጠጠር ይነጠፍለት። ስስ ሊሾ በቀጥታ ጥቁር አፈር ላይ ከፈሰሰ፣ አፈሩ ሲያብጥና ሲኮማተር ሁለት ክረምት ሳይቆይ ይሰነጠቃል። ሰው የሚመላለስበት ቦታ ላይ ግማሽ ቱቦ መቅበር ወይም በክዳን መሸፈን ይቻላል። ክዳኑ ግን የሚነሳ ይሁን። የማይነሳ ክዳን ያለው ቦይ አንድ ቀን ይደፈናል፤ ሲደፈንም የት እንደሆነ አይታወቅም።

ያ ጠጠርና ቀዳዳ ቱቦ ያለው ቦይስ?

ኢንተርኔት ላይ የሚበዛው እሱ ነው፤ ፍሬንች ድሬይን ይሉታል። ስሙ ከፈረንሳይ አገር ጋር አይገናኝም። በ19ኛው መቶ ዘመን ስለ እርሻ ማጠንፈፍ በሰፊው ከጻፈው ሄንሪ ፍሬንች ከሚባል አሜሪካዊ የመጣ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ቦይ ይቆፈራል፣ ጂኦቴክስታይል ይነጠፋል፣ ጠጠር ይደረጋል፣ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይቀመጣል፣ እንደገና ጠጠር ይሞላል፣ ጨርቁም ከላይ ይታጠፋል። ውሃው በጠጠሩ ውስጥ ገብቶ ቱቦውን ይዞ ይሄዳል።

እኛ ዘንድ የሚጠቅመው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ከላይኛው ግቢ በመሬት ውስጥ ሰርጎ ለሚመጣ ውሃ። ቤቱና የሚመጣው ውሃ መካከል ተቆፍሮ ውሃውን መንገድ ላይ ይይዘዋል። ግቢው መሀል የተኛን ውሃ ያነሳል ብላችሁ ግን መረሬ ላይ አትጠብቁ። ውሃው በአፈሩ ውስጥ ተንቀሳቅሶ ቦዩ ጋ መድረስ አለበት፤ መረሬ ደግሞ አያንቀሳቅሰውም። ከቦዩ አንድ ክንድ ርቆ ኩሬ ተኝቶ ልታዩት ትችላላችሁ።

ከሠራችሁት ሦስት ስህተት ተጠንቀቁ። ገረጋንቲ አትጠቀሙ፤ ደቃቁ ዱቄት ቱቦውን ይደፍነዋል። የታጠበ፣ 02 የሚባለው ጠጠር ይሁን። ጨርቁን "ውድ ነው" ብላችሁ አትተዉት፤ ያለ ጨርቅ ሸክላው በጥቂት ክረምት ጠጠሩን ይሞላዋል። የቱቦው ቀዳዳ ደግሞ ወደ ታች ይዙር። ብዙ ሠራተኛ ወደ ላይ አዙሮ ያስቀምጠዋል፣ ዝናብ እንደሚቀበል አስቦ። ውሃው ግን ከቦዩ ወለል ነው እየሞላ የሚመጣው። ቀዳዳው ወደ ታች ከሆነ ገና ጥቂት እንዳለ ቱቦው ውስጥ ይገባል።

ውሃው መውጫ ከሌለውስ?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ግቢው ከመንገዱ ዝቅ ያለ ከሆነ፣ የጎረቤት አጥር ደግሞ ከታች ካለ፣ ቦዩ ወዴት ይሄዳል?

ወደ ጎረቤት መልቀቅ መፍትሔ አይሆንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ያዛል። ሕጉን ብንተወው እንኳ፣ አብረን ቡና የምንጠጣ፣ ለቅሶ የምንደራረስ ሰዎች ነን። አጥር አጥሩን በስተን የምንለቀው ውሃ የሰው ቤት ነው የሚገባው።

የሚሠራው መነጋገር ነው። ውሃ የአንድ ግቢ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ከላይ ያለው፣ መካከል ያለው፣ ታች ያለው አብረው አንድ ቦይ ቢያወጡ፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ወጪ ብቻውን ከሚያወጣው ያንሳል። እድር ባለበት ሰፈር ይህ ጉዳይ የእድር ስብሰባ ላይ ቢነሳ ተገቢ ነው። መንገድ ዳር ላለው የጎርፍ መውረጃ የሚመለከተው የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን ነው፤ በወረዳው በኩል ማመልከት ይቻላል። ስታመለክቱ ያንን ቪዲዮ ይዛችሁ ሂዱ። ቦዩ ካለ ደግሞ ከሰኔ በፊት መጠረግ አለበት። ፌስታልና የሃይላንድ ጠርሙስ የሞላበት ቦይ ከሌለ ቦይ አይሻልም።

ይህም የማይቻልበት ግቢ አለ። እዚያ የሚቀረው ዝቅተኛው ጥግ ላይ ማጠራቀሚያ ሠርቶ በፓምፕ ማውጣት ነው። መብራት በሄደ ቁጥር እንደሚቆም ግን እወቁ፤ ከባድ ዝናብና የመብራት መጥፋት ደግሞ ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ። ለአትክልቱ መደቡን ከፍ አድርጋችሁ ሥሩ፤ ጎመኑ ሥሩ ከውሃ ከፍ ካለ ይተርፋል። የቀረውን ጥግ ለቄጤማውና ለሸንበቆው ልቀቁለት።

ቤቱንስ ይጎዳዋል?

አዎ። በሩ በክረምት አልዘጋ ካለና በበጋ ከላላ፣ ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ካለ፣ አፈሩ ከመሠረቱ ስር እያበጠና እየተኮማተረ ሊሆን ይችላል። ጥልቀት በሌለው መሠረት ላይ የተሠራ ቤት ይበልጥ ይጎዳል። የጭቃ ቤት ሲሆን ደግሞ እርጥበቱ ከታች ግድግዳውን ይዞ ይወጣል፣ ምርጊቱ ይላጣል። ባሕር ዛፍ ውሃውን ይጠጣልኛል ብላችሁ ቤቱ አጠገብ አትትከሉ። በክረምት ሊያደርቀው አይችልም፤ በበጋ ግን ከመሠረቱ ስር ያለችውን እርጥበት መጥጦ አፈሩን ይበልጥ ያኮማትረዋል። ስንጥቁ እየሰፋ ከሄደ ቦይ ከማስቆፈራችሁ በፊት መሐንዲስ ይየው።

መቼ ልጀምር?

በሐምሌ አትቆፍሩ። የራሰ መረሬ አካፋ ላይ ይጣበቃል፣ ጎኑም በድንገት ይናዳል። ከወገብ በላይ በሆነ ጉድጓድ ውስጥ ሠራተኛ ማስገባት ለሕይወት ያሰጋል። በየካቲት ደግሞ እንደ ድንጋይ ስለሚሆን ዶማ ይመልሳል፤ ለቀን ሠራተኛ የምትከፍሉትም እጥፍ ይሆናል። ጥሩው ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ነው። ጭቃው ጠንከር ብሏል፣ ውስጡ ግን ገና እርጥበት አለው። ዶማ ይበላዋል።

መለካቱን ግን አሁን ጀምሩት፣ ውሃው እያለ። "ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት" እንደሚባለው ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ዝናቡ ይቀንሳል፣ ምልክቱም ይጠፋል። እኛ ውሃው የተኛበትን ዳርቻ ዙሪያውን ትናንሽ ችካል ተከልንበት። ውሃ የሚገባበት ላይ ቀይ ጨርቅ፣ ሊወጣ የሚሞክርበት ላይ ነጭ ጨርቅ አሰርን። በጥቅምት ሣሩ አድጎ ግቢው ሁሉ አንድ ዓይነት መስሎ ሳለ፣ ቆፋሪዎቹ ከቀዩ ጨርቅ ጀምረው ወደ ነጩ ሄዱ።